ሳይመሽ የተዘጋው የዶሮ ቤት በር

ይህ የደረሰብኝ ያለፈው ክረምት፣ ሐምሌ ውስጥ ነው። ለባለቤቴ እንኳ እስካሁን በሙሉ አልነገርኩትም። እዚህ የምጽፈውም ስሜን ስለማልገልጽ ነው። የሆሳዕና ሰው ካነበበው ግን ማን እንደሆንኩ ያውቀኝ ይሆናል። ይወቀኝ፤ ምን ላድርግ።

እኔ የዶዮገና ልጅ ነኝ፤ ሆሳዕና ያመጣኝ ትዳር ነው። ባለቤቴ ታደለ መምህር ነው። አማቴን እማማ ነው የምላቸው። ባላቸው ካረፉ በኋላ ከእኛ ጋር መኖር ከጀመሩ ስድስት ዓመታቸው ነው። እሳቸው ሀድይኛ፣ እኔ ከምባትኛ ስለምንናገር ሁለታችን የምንግባባው በአማርኛ ነው። ስንጣላም በአማርኛ ነው የምንጣላው።

አንደብቅም፣ እንጣላለን። እኔ ቁጡ ነኝ፤ አፌ ይቀድመኛል። እሳቸው ደግሞ ሲከፋቸው ዝም ነው የሚሉት። ያ ዝምታቸው ከስድብ ይብስብኛል።

ጓሮ ውስጥ ዶሮ እናረባለን። እናረባለን ስል እማማ ናቸው የሚያረቡት፤ እኔ ቢሮ ነው የምውለው። የዶሮ ቤቱ ሰው ጎንበስ ብሎ የሚገባበት አንድ የቆርቆሮ በርና ዶሮዎቹ የሚወጡበት የሚገቡበት ትንሽ በር አለው። አንድ ቀን ማታ ያቺን ትንሿን በር መዝጋት ተረስቶ ሽለምጥማጥ ገብቶ ዘጠኝ ዶሮ ጨረሰብን። እማማ አለቀሱ። ከዚያ በኋላ ታደለ የግድግዳውን ቀዳዳ ሁሉ በጭቃ ደፈነ፤ ከላይ ያለችውን የሽቦ መስኮትም በወፍራም ላስቲክ ሸፈናት።

በሩን ማታ ማታ የሚዘጉት እማማ ስለሆኑ አንድ ቀን በጭቃው ተንሸራተው ወደቁ። ያን ጊዜ ነው እኔ በራሴ ሐሳብ ለትንሿ መግቢያ በራሱ የሚከፈትና የሚዘጋ በር ከአዲስ አበባ ያስመጣሁት። ሰዓት ይሞላለታል፤ ጠዋት ይነሳል፣ ማታ ይወርዳል። በመሐል መክፈት ወይም መዝጋት ለፈለገ ሰው ደግሞ ከውጪ ግድግዳው ላይ የምትጫን ቀይ ቁልፍ አለችው። እውነቴን ነው፣ ለእሳቸው ብዬ ነው ያስመጣሁት።

እሳቸው ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አልወደዱትም። ሲወርድ ዝዝዝ የሚል ቀጭን ድምፅ አለው። ማታ ያ ድምፅ ሲጀምር የያዙትን ሥራ ትተው ወደ ጓሮ ያያሉ።

«ሰው ሳይነካው የሚዘጋ በር ደስ አይለኝም» አሉኝ።

«ይለምዱታል እማማ» አልኳቸው።

በሁለተኛው ሳምንት አንዲት ዶሮ በሩ ሲወርድ አንገቷን አወጣች። ጠዋት ተጣብቃ፣ ደርቃ አገኘናት። እማማ ምንም አልተናገሩም፤ ነገር ግን በነጋታው በሩ እንዳይወርድ ከሥሩ ድንጋይ አደረጉ። ማሽኑ እየታገለ፣ እየጮኸ ድንጋዩ ላይ ቆሞ አገኘሁት። ደሜ ፈላ። ቢሮ ስናደድ ውዬ መምጣቴም ነበር።

«እርስዎ ካልነኩት ይሠራል! ወይ እርስዎ ቤቱን ያስተዳድሩ፣ ወይ እኔ ላስተዳድር! ሁለታችን አንድ ግቢ ውስጥ አልቻልንም!» ብዬ ጮህኩባቸው።

ይህን ያልኩት ለአንድ ድንጋይ ነው። እማማ ድንጋዩን በሁለት እጃቸው አንስተው አጥሩ ሥር ወሰዱት፤ ከዚያ ወደ ክፍላቸው ገቡ። ሦስት ቀን ከሰላምታ በቀር አላናገሩኝም። ይቅርታ ልጠይቃቸው አስቤ ነበር፤ ዛሬ ነገ ስል ቀረሁ።

ሐምሌ ገባ። ታደለ ለክረምት ትምህርት ሄደ፤ ልጆቹን እናቴ ዘንድ ዶዮገና ላክናቸው። ግቢው ውስጥ እኔና እማማ ብቻ ቀረን። እማማ በዚያው ሰሞን አርባ የአርባ አምስት ቀን ጫጩት ገዝተው ነበር። ብርድ ሲመታቸው አንዱ በአንዱ ላይ እየተደራረበ ከሥር ያሉት ታፍነው ይሞታሉ። ስለዚህ እማማ በርጩማቸውን ይዘው እዚያው እየገቡ ሲነጣጥሏቸው ይውላሉ።

የዚያን ቀን ጠዋት ስነሳ ማሽኑ ሞቷል። ፀሐይ ካየን ሳምንት አልፎ ነበር፤ በፀሐይ የሚሞላው ባትሪው አልቆ ነው። በሌላ ባትሪ ቀየርኩት። ማሽኑ ሁሉን ረስቶ 12:00 እያለ ብልጭ ድርግም ይላል። ከዚህ በፊት የሞላው ታደለ ነው። እኔ ዝናቡ ጀርባዬ ላይ እየወረደ፣ ሰርቪስ እንዳያመልጠኝ እየተጣደፍኩ ልሞላው ጀመርኩ።

አሁን ልብ ብላችሁ ስሙኝ። የዕለቱን ሰዓት ሲጠይቀኝ ስልኬን አውጥቼ አየሁ፤ 7:20 ይላል፤ ያንኑ ሞላሁ። ስልኬ የፈረንጅ ሰዓት ነው የሚያሳየው። ሁላችንም እንደዚያ አይደለን? በልባችን ስድስት እየቀነስን ማንበብ ከለመድን ቆይተናል፤ ማሰብም ትተናል። ቀጥሎ የሚከፈትበትንና የሚዘጋበትን ሲጠይቀኝ ግን ስልክ አላየሁም። ከራሴ ነው የሞላሁት። ጠዋት አሥራ ሁለት ተኩል ይከፈት፣ ማታ አሥራ ሁለት ተኩል ይዘጋ። 12:30 ኤኤም፣ 12:30 ፒኤም። ኤኤም ጠዋት፣ ፒኤም ማታ። አለቀ። ቀዩን ቁልፍ ተጭኜ በሩን አነሳሁትና እጄን በቀሚሴ ጠራረግሁ።

ልወጣ ስል እማማ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከኩሽና ብቅ አሉ።

«ይህ ብርድ ለጫጩቶቹ አይሆንም። ከሰል አያይዤ አስገባላቸዋለሁ» አሉ።

«ጭሱስ እማማ?»

«ትልቁን በር እዘጋዋለሁ እንጂ ንፋሱ አያስቀምጣቸውም። ትንሿ ትበቃለች።»

እኔም «ትንሿ እስከ ማታ ክፍት ናት፤ አይስጉ» ብያቸው ወጣሁ። ይህችን ቃሌን ሺህ ጊዜ ሰምቻታለሁ።

የዚያን ቀን ቢሮ ውስጥ ከአዲስ አበባ በኢንተርኔት የሚሰጥ ስልጠና ነበረን። በደረሰን መልእክት 12:30 ይላል። ጋሽ ኤርሰዶ የሚባሉ ጡረታ የተቃረቡ የሥራ ባልደረባችን አሉ። ማታ ነው ብለው ለሚስታቸው አመሻለሁ ብለው፣ ካፖርትና የእጅ ባትሪ ይዘው መጥተዋል። ልክ በምሳ ሰዓት፣ ስድስት ተኩል ሲል፣ አሠልጣኙ ደወለ፤ ሁሉም ገብቷል፣ የት ናችሁ ይለናል። ጋሽ ኤርሰዶ ባትሪያቸውን እንደያዙ ደርቀው ቀሩ።

«ኧረ ጋሼ፣ የፈረንጅ አሥራ ሁለት ተኩል እኮ ነው! የእኛ ስድስት ተኩል!» አላቸው አንዱ።

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ከሁሉም በላይ የሳቅሁት እኔ ነኝ። ባትሪውን አብሩልን፣ ምሳችን አይታየንም ስላቸው ትዝ ይለኛል። እየሳቅሁ ሳለሁ ግን ከውስጤ አንድ ነገር ቀዝቀዝ አለኝ። ጠዋት ምን ነበር የሞላሁት?

መጀመሪያ የታሰቡኝ ዶሮዎቹ ናቸው። ትልልቆቹ ውጪ ይቀራሉ፣ ዝናብ ያበሰብሳቸዋል አልኩ። ለእማማ ደወልኩ፤ ቀዩን ቁልፍ ይጫኑ ልላቸው ነው። ስልኩ ጠራ፣ ጠራ፣ ተቋረጠ። እማማ ስልካቸውን አንገታቸው ላይ ነው የሚያንጠለጥሉት፤ ልጆቻቸው ይደውሉ ይሆናል ብለው አንድ ጊዜ ሳይጠራ ነው የሚያነሱት። ደግሜ ደወልኩ። አላነሱም። እንቅልፍ ይዟቸው ይሆናል አልኩና ስልጠናው ፊት ተቀመጥኩ።

ተቀመጥኩ። ይህን ነው እስካሁን የማልረሳው። አሠልጣኙ ያወራል፣ ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድባል፣ እኔ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ሩብ ሰዓት ሳይሆን አይቀርም። ከዚያ ከፊቴ የተቀመጠችው ልጅ ስለበረዳት እጇን አፏ ላይ አድርጋ እፍ፣ እፍ ስትል ብርዱ ትዝ አለኝ፤ ብርዱ ከሰሉን አስታወሰኝ።

ክው አልኩ። ቀዳዳው ሁሉ ተደፍኗል። መስኮቷ በላስቲክ ተሸፍናለች። ትልቁ በር ተዘግቷል። ትንሿን ደግሞ እኔ ዘግቼባቸዋለሁ።

ማንንም ሳላስፈቅድ ወጣሁ። ጃንጥላዬም ቦርሳዬም ቀረ። የመጀመሪያው ባጃጅ ሰው ጭኖ አለፈኝ፤ ሁለተኛው ቆመ። ሹፌሩ ጎልማሳ ሰው ነው። ስሙ ጀማል እንደሆነ በኋላ ነው ያወቅሁት።

«ቶሎ በለኝ ወንድሜ፣ እናቴ ከሰል ያለበት ቤት ተዘግቶባቸዋል!» አልኩት። እናቴ ነው ያልኩት።

አንዴ በመስታወቱ አየኝና ሌላ ነገር አልጠየቀኝም። እኛ ሰፈር ከአስፋልቱ ሲወጣ ጭቃ ነው። ባጃጁ ሁለቴ ተያዘ፤ ሁለቴም ወርደን ገፋነው። እየገፋሁ እደውላለሁ። ይጠራል፣ አይነሳም። ውስጤ የሚነግረኝን ነገር ላለመስማት ጮክ ብዬ «ጌታ ሆይ፣ ጌታ ሆይ» እላለሁ። ጀማልም ከጎኔ «ያ አላህ» ይላል።

ግቢው በር ስንደርስ ፀጥ ብሏል። የእኛ ግቢ ፀጥ ብሎ አያውቅም። ሮጬ ወደ ጓሮ ዞርኩ። ትልልቆቹ ዶሮዎች ዝናቡ እየወረደባቸው በተዘጋችው ትንሽ በር ፊት ተኮልኩለው ቆመዋል። አንዷም ድምፅ አታሰማም። ሁሉም በሩን ያያሉ።

«እማማ!» አልኩ። መልስ የለም።

ቀዩን ቁልፍ ተጫንኩ። ዝዝዝ እያለ ቀስ ብሎ ተነሳ። ያን ያህል ቀስ የሚል አይመስለኝም ነበር። የሚያፍን የከሰል ሙቀት ፊቴን መታኝ። ጎንበስ ብዬ ሳይ በመጀመሪያ ያየሁት የእማማን የላስቲክ ጫማ ነው፤ እግራቸው ውስጡ አለ፤ አይንቀሳቀስም።

የሰው በሩ ንፋስ እንዳይከፍተው ከውስጥ በሽቦ ተቆልፏል። ጎተትኩት፣ እምቢ አለ። ጀማል ገፍቶ አራቀኝና በእርግጫ መታው። በሦስተኛው ቆርቆሮው ተገነጠለ። ትንፋሹን ይዞ ገብቶ ብብታቸው ሥር ይዞ ጎትቶ አወጣቸው፤ ጭቃው ላይ፣ ዝናቡ ውስጥ አስተኛቸው። ከንፈራቸው መልኩን ቀይሯል። ጫጩቶቹ ሰጋቱራው ላይ ተዘርግተዋል፤ አንዳንዶቹ እንደተደራረቡ ነው።

«ሞቱ?» አልኩት።

«አልሞቱም። ይተነፍሳሉ። ያዢልኝ!» አለ።

ባጃጁ ውስጥ ጭንቅላታቸውን ጭኔ ላይ አድርጌ ሆስፒታል ደረስን። ኦክስጅን ተደረገላቸው። ሐኪሙ ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ አለና ሳይጨርሰው ትቶት ሄደ። ማታ ላይ ዓይናቸውን ገለጡ። ከአልጋው አጠገብ የቆምኩት እኔ ነኝ። አዩኝ፤ ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ራሳቸውን አሟቸው ነው ብዬ አለፍኩት።

በነጋታው ታደለ ከትምህርት ቦታው ደረሰ፤ እህቱም ከሞርሲቶ መጣች። ክፍሉ በዘመድና በጸሎት ሰው ሞላ። ታደለ ምን ሆነሽ ነው እናቴ ብሎ ጠየቃቸው። ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር። እግዚአብሔር ያውቃል፣ ከፍቼ ነበር።

እማማ ቀደሙኝ። «እኔው ነኝ። በርዶኝ ትንሿንም በር ዘጋኋት። ጥፋቱ የራሴ ነው» አሉ።

ደነገጥኩ። የከሰሉ ጭስ አእምሯቸውን ነክቶት፣ ያደረጉትንና ያላደረጉትን ለይተው አያውቁም ብዬ አሰብኩ። እውነቱን ልናገር? ደስም አለኝ። መውጫ የተሰጠኝ መሰለኝ። ዝም አልኩ። ቤት እንደገባሁም ማንም ሳያየው የማሽኑን ሰዓት አስተካከልኩ።

ከዚያ በኋላ ዝምታዬ እየከበደ ሄደ። ታደለ እናቱን እንደ ልጅ ይቆጣቸው ጀመር፤ በዚህ ዕድሜሽ ከሰል ይዘሽ ዝግ ቤት ትገቢያለሽ ይላቸዋል። አንገታቸውን ደፍተው ይሰማሉ። ቤተ ክርስቲያንም ቆመው መሰከሩ፤ በራሴ ስንፍና ልሞት ነበር፣ ጌታ አተረፈኝ አሉ። ሰው ሃሌሉያ ሲል እኔ መሬት መሬት አያለሁ። ከወር በኋላ ልጄ ጋ ልሂድ አሉና ሞርሲቶ ሄዱ። ከሞት የተረፉትን ጫጩቶች እንኳ ዞረው አላዩም። ግራ እጃቸው እስከ ዛሬ ይንቀጠቀጣል።

መስከረም ሲገባ አልቻልኩም። ሰውነቴ ከሳ፣ ምግብ እምቢ አለኝ። አንድ ቅዳሜ ለታደለ ምክንያት ፈጥሬ ብቻዬን ሞርሲቶ ሄድኩ። እማማ ደጅ ፀሐይ እየሞቁ አገኘኋቸው። የባሌ እህት ገበያ ሄዳለች። እግራቸው ሥር ተቀመጥኩና ሳልሸፋፍን ነገርኳቸው። ሰዓቱን የሞላሁት እኔ ነኝ፣ ተሳስቼ ነው፣ በሩ ቀን የተዘጋው በእኔ ነው፣ እርስዎ ጥፋት የለብዎትም አልኳቸው።

ከዚያ ቀስ ብለው ተናገሩ።

«በሩ ሲወርድ አየሁት። ራሴን አዙሮኝ ነበር፤ ግን አየሁት። ቀን ነበር። ቀን ሰው ካልነካው አይወርድም።»

ነገሩ አልገባኝም።

«ቀዩን ቁልፍ የነካሽው መሰለኝ» አሉ። «ከቢሮ የተመለስሽ መሰለኝ። ክፈቺልኝ ብዬ ስምሽን ጠራሁ። ሦስት ጊዜ ጠራሁሽ። ልነሳ ብል እግሬ እምቢ አለኝ።»

ያን ጊዜ ገባኝ። ሆስፒታል ፊታቸውን ያዞሩት ከእኔ ነበር። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ጥፋቱ የራሴ ነው ሲሉ አእምሯቸው ሙሉ ነበር። አንድ ግቢ ውስጥ አልቻልንም ያለቻቸው ሴት ከውጪ ቆማ የዘጋችባቸው መስሏቸው፣ ከዚያች ሴት ጋር አንድ ወር አንድ ጣሪያ ሥር አድረዋል፤ ያቀረብኩላቸውን በልተዋል።

«ለታደለ ለምን አልነገሩትም?» አልኩ እያለቀስኩ።

«ሦስት ልጆች አሏችሁ» አሉኝ። «ያለ እናት ላሳድጋቸው?»

ስልኬን አወጣሁ። እያሳየኋቸው ይህ የፈረንጅ ነው፣ ይህ የእኛ ነው፣ ስድስት ሰዓት ይለያያል፣ እኔ አንዱን ከዚህ አንዱን ከዚያ ሞላሁት እያልኩ አስረዳሁ፤ ደግሜ አስረዳሁ። ለራሴ እንኳ ውሸት መሰለኝ። እማማ ሰዓት የሚያውቁት በፀሐይና በሬዲዮ ነው። ስልኩን አላዩትም፤ እኔን ነው የሚያዩት።

ስጨርስ «እሺ ልጄ» አሉኝ።

ልሄድ ስነሳ አጎንብሼ ጉልበታቸውን ሳምኩ። በሚንቀጠቀጠው እጃቸው ራሴን ዳሰሱኝና «እኔ ያኔውኑ ይቅር ብዬሻለሁ» አሉ።

ሰው ይቅርታ ሲያገኝ ይቀልለዋል ይባላል። እኔ ግን በመኪናው እስከ ሆሳዕና ድረስ ያችን «ያኔውኑ» ለራሴ እየደጋገምኩ ነው የተመለስኩት። ያኔውኑ ማለት እኮ እውነቱን ከመስማታቸው በፊት ነው። ከዚያ ወዲህ በየወሩ ሄጄ እጠይቃቸዋለሁ፤ ፈገግ ብለው ይቀበሉኛል፤ ስለ ልጆቹ እናወራለን። ነገር ግን ስህተቴን ነው ወይስ ልትገድለኝ ነበር ብለው ያሰቡትን ነው ይቅር ያሉኝ፣ ለመጠየቅ እስከ ዛሬ ድፍረቱን አላገኘሁም።